እንግዳ መምህር በግብጽ ዩኒቨርሲቲ

ወደ ግብጽ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠራ የውጭ አገር መምህር በምን ውል ይቀጠር፣ በየትኛውስ ገንዘብ ይከፈለው፣ አንደበቱስ እስከ ምን ድረስ የተፈታ ይሁን የሚለው ክርክር የዛሬ ዘመን ሰዎች ያመጡት አይደለም፤ ከዩኒቨርሲቲው ጋር አብሮ የተወለደ፣ መንግሥታት በተለዋወጡ ቁጥርም መልኩን እየለወጠ የቆየ ነው።

የግብጽ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 በመሳፍንትና በባለጸጎች መዋጮ ሲመሠረት፣ የአልአዝሃር ሊቃውንት በሃይማኖት ትምህርት የተራቀቁ ቢሆኑም፣ አዲሱን የታሪክና የልሳናት ምርምር የሚያስተምር የአገር ልጅ ገና ጥቂት ስለ ነበረ፣ ወንበሩ ለአውሮፓ ጠቢባን ተሰጠ። ከእነዚህም አንዱ የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ኢኛሲዮ ጉዊዲ፣ ሌላውም በ1906 የአክሱምን ሐውልቶችና ጽሕፈቶች የመረመረውን የጀርመን ልዑክ የመራው ኤኖ ሊትማን ነበሩና፣ የግዕዝን መጻሕፍት የሚወድ አንባቢ ሁለቱን ስሞች በካይሮ ጉባኤ ሲያገኝ መደነቁ አይቀርም። እነርሱም ተማሪዎቻቸውን በዐረብኛ ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ ብቻ አስተምሮ የውል ዘመኑን ፈጽሞ ለሚመለሰው መምህር ይህ የሚያስቀና ነገር ይመስለኛል።

ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ከተማሩት አንዱ ዓይነ ስውሩ ጣሃ ሑሴን፣ በ1926 ስለ ጥንታዊ የዐረብ ቅኔ ባሳተመው መጽሐፍ የሃይማኖት ሊቃውንትን ቁጣ ቀሰቀሰ፤ በ1932ም መንግሥት በዩኒቨርሲቲው ከያዘው የፋኩልቲ አለቅነት ባነሣው ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲው የበላይ አህመድ ሉጥፊ አልሰይድ ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1995 ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረውን ናስር አቡ ዘይድን ፍርድ ቤት ከሃይማኖቱ የወጣ ነው ብሎ ከሚስቱ ሲለየው፣ ወደ ሆላንድ ተሰዶ በላይደን አስተማረ። እንግዳው መምህር ቢከፋው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የአገሩ ልጅ ግን ለስደት የሚሆን ሌላ አገር መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

በ1956 የስዊዝ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ሲባረሩ፣ በኋላም በ1962 ከፍተኛ ትምህርት ያለ ክፍያ ሲሆን፣ ተማሪው በዛ፣ የመምህሩ ደመወዝ ሳሳ፣ ጉዞውም አቅጣጫውን ለወጠ፤ ግብጻዊው መምህር ራሱ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እንግዳ ሆነ።

ዛሬ ከውጭ የሚመጣው መምህር የሚያርፈው ይልቁንም በግል ተቋማት ነው፤ በ1919 በተመሠረተውና በ2008 ከታህሪር አደባባይ ወደ አዲስ ካይሮ በተዛወረው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ከ2000 ወዲህ በተከፈቱት በጀርመንና በብሪታንያ ስም በሚጠሩት። እዚህ ላይ ነው የገንዘቡ ነገር የሚከብደው። በኅዳር 2016 የአገሩ ፓውንድ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲለቀቅ፣ 9 ያህል የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሬ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 18 ተጠጋ፤ በመጋቢት 2024ም ከ31 ወደ 50 ገደማ ዘለለ። ደመወዙ በዶላር የተዋዋለ ሰው በአንድ ሌሊት ባለጸጋ ሲሆን፣ በፓውንድ የተዋዋለው፣ እንግዳም ይሁን የአገር ልጅ፣ በዚያው ሌሊት ደኸየ፤ ሁለቱም ግን በማግሥቱ በአንድ አዳራሽ ገብተው ያስተምራሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው ባልንጀራቸው ደግሞ በሁለትና በሦስት ቦታ ካላስተማረ፣ የራሱንም መጽሐፍ ለተማሪዎቹ ካልሸጠ፣ ኑሮውን ማቃናት ይቸግረዋል። እኔ በዚህ የምወቅሰው ሻጩን ሳይሆን ለዚህ ያበቃውን ደመወዝ ነው።

ስለ አንደበት ነጻነት የሚነሣው ሙግት ግን በምንዛሬ አይፈታም። በ2014 የዩኒቨርሲቲዎችን አለቆች መሾም ለአገሩ ፕሬዚዳንት ተመለሰ፤ ሕዝብን እየጠየቁ ለማጥናትም የመንግሥቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለ መንገድ ዳር ነጋዴዎች ማኅበር ያጠና የነበረው ጣልያናዊው የኬምብሪጅ ተማሪ ጁሊዮ ሬጄኒ ጥር 25 ቀን 2016 ካይሮ ውስጥ ጠፍቶ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሥቃይ ምልክት ያለበት ሬሳው በመንገድ ዳር ተገኘ። በዚህ ነገር የተከሰሱት አራት የግብጽ ጸጥታ ሹማምንት ፍርድ ቤት ባልቀረቡበት በ2024 ሮም ላይ ችሎቱ ተከፈተ፤ የግብጽም መንግሥት የሹማምንቱ እጅ የለበትም ብሎ ይክዳል።