«ታርጋ የለም» የተባለው ታርጋ



በመሥሪያ ቤትዎ ቅጽ ሲሞሉ ወይም ሌላው ሞልቶ ያቀረበልዎትን ሲመረምሩ፣ ባለጉዳዩን የማይመለከተው ጥያቄ ማጋጠሙ አይቀርም። አንዱ ሰው ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ ሌላው ሰረዝ ያኖርበታል፤ ጠንቃቃው ደግሞ «የለም» ብሎ ይጽፍበታል። የሦስቱም ሐሳብ አንድ ስለሆነ መዝገብ ቤቱ ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ዛሬ የምናወሳው ይህች «የለም» የምትባል ቃል በአንድ የአሜሪካ ባለመኪና ላይ ያመጣችውን መዘዝ ነው። ነገሩ እንዲገባን ግን አስቀድሞ ታርጋ ከየት እንደ መጣ፣ ሰዎችም የወደዱትን ቃል ሊጽፉበት ስለምን እንደሚሹ መመልከት ያስፈልጋል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ታርጋ ሲጀመር የባለቤቱን ስም በግልጽ የሚናገር ነበር። የፓሪስ ፖሊስ ኦገስት 14 ቀን 1893 ባወጣው ደንብ፣ በሞተር የሚሄድ ሠረገላ ሁሉ የባለቤቱ ስምና አድራሻ፣ የፈቃዱም ቍጥር በሚነበብ ፊደል የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ እንዲይዝ አዘዘ። የኒው ዮርክ ግዛትም በ1901 ባለመኪናዎች የስማቸውን መነሻ ፊደላት በመኪናቸው ላይ እንዲያደርጉ በሕግ አስገደደ። መንግሥት ሰሌዳ አያድልም ነበርና ባለቤቱ ራሱ በቆዳ ወይም በእንጨት ላይ አበጅቶ ይሰቅል ነበር። ይሁን እንጂ የስም መነሻ ፊደል የአንድ ሰው ብቻ ርስት አይደለም። በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ ስማቸው በተመሳሳይ ሁለት ፊደላት የሚጀምር ሰዎች ስንት እንደሚሆኑ መገመት አያስቸግርም። ከእነርሱ አንዱ እግረኛ ገጭቶ ቢሸሽ፣ ፊደሉን ያየው ምስክር ማንን ሊጠቁም ነው? በ1903 ሕጉ ተለወጠና ለየባለመኪናው የራሱ ቍጥር ይሰጠው ጀመር።

ቍጥር ለሁሉም እኩል ነው ይባል እንጂ እርሱም ወዲያው የክብር ነገር ሆነ። በእንግሊዝ አገር የ1903ቱ የሞተር ተሽከርካሪ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ጀምሮ ሊጸና ሲል፣ የፈላስፋው የበርትራንድ ራስል ታላቅ ወንድም የነበሩት ሎርድ ራስል «ኤ 1» የተባለውን የሎንዶን ታርጋ አገኙ። ይህን ታርጋ ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፈው እንዳደሩ ይተረካል። መኰንን ለአንድ ፊደልና ለአንድ አኀዝ ሲል በብርድ ማደሩ ፈገግ ያሰኛል። ነገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስም ይጠሩ እንደ ነበር ለምናውቅ ለእኛ፣ ሰው መጓጓዣውንና ስሙን ማዛመዱ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም።

መንግሥታትም ይህን ፍላጎት አይተው ዝም አላሉም። የፔንሲልቬንያ ግዛት በ1931 ባለመኪናዎች የስማቸውን መነሻ ፊደላት በታርጋ ላይ እንዲያደርጉ ፈቀደ። በሆንግ ኮንግ ልዩ ቍጥሮች ከ1973 ጀምሮ በሐራጅ ይሸጣሉ፤ በዚያ አገር ቋንቋ «ስምንት» የሚለው ቃል ከብልጽግና ጋር፣ «አራት» ደግሞ ከሞት ጋር የድምፅ ዝምድና ስላላቸው የመጀመሪያው ይሻማሉ፤ ሁለተኛውን ይሸሹታል። በዱባይም በ2023 «ፒ 7» የተባለው ታርጋ 55 ሚሊዮን ድርሃም አወጣ። ገንዘቡ ለተራቡ ሰዎች ምግብ እንዲውል የታሰበ በመሆኑ ገዢውን በከንቱ አባካኝ ለማለት አፍ አይደፍርም።

ሕዝቡ የወደደውን ይጻፍ ከተባለ ደግሞ የሚጻፈውን የሚያጣራ ጸሐፊ ያስፈልጋል። በጀርመን አገር ባለመኪናው ከከተማው ምልክት ቀጥለው የሚመጡትን ፊደላት መምረጥ ይችላል፤ ሆኖም የናዚ ድርጅቶች ይጠሩባቸው የነበሩት እንደ «ኤስ ኤስ» እና «ኤስ አ» ያሉት አይፈቀዱም።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1970 ወዲህ ባለመኪናዎች የመረጡትን ቃል በታርጋ ላይ እንዲያጽፉ የሚፈቅድ ሲሆን፣ የሚከፈለው ልዩ ገንዘብ ለተፈጥሮ ጥበቃ ይውላል። በ1979 አንድ የሎስ አንጀለስ ነዋሪ እንዲህ ያለ ታርጋ ለማግኘት አመለከተ። የተፈለገው ቃል አስቀድሞ በሌላ ሰው ተይዞ ሊሆን ስለሚችል ቅጹ ሦስት ምርጫ ይጠይቃል። ሰውየው መርከብ መቅዘፍና በጀልባ መጓዝ የሚወድ ነበርና ሁለቱን ምርጫዎች ከዚሁ ከሚወደው ነገር ወሰደ። ሦስተኛ ቃል ግን አልመጣለትም። ስለዚህ ሁለቱ ካልተገኙ ልዩ ታርጋ አልፈልግም ለማለት በሦስተኛው ቦታ ላይ «ታርጋ የለም» የሚል ትርጕም ያለውን «ኖ ፕሌት» የተባለ ቃል ጻፈ። ሁለቱም ምርጫዎቹ ተይዘው ስለ ነበር፣ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛውን ቃል እንዳለ አሳትሞ ላከለት። እንዲህ ያለ ታርጋ በዓለም ላይ አይገኝም ብሎ ሰውየው ሳይመልሰው ቀረ፤ መኪናውም ላይ አሰረው።

አራት ሳምንት ያህል ቈይቶ ከሳን ፍራንሲስኮ ያልተከፈለ የማቆሚያ ቅጣት ማስታወቂያ ደረሰው። ከዚያ በኋላ ከየከተማው በየቀኑ ይጎርፍለት ጀመር። ምክንያቱን እርስዎ ሳይገምቱት አልቀሩም። ፖሊሶች ታርጋ የሌለው መኪና በተከለከለ ቦታ ቆሞ ሲያገኙ በቅጣቱ ወረቀት ላይ የታርጋ ቍጥር በሚሞላበት ቦታ «ታርጋ የለም» ብለው ይጽፉ ነበር። ኮምፒዩተሩም ይህን ቃል ከመዝገቡ ጋር ሲያስተያይ የዚህን ሰው ስምና አድራሻ አገኘ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2,500 የሚጠጋ የቅጣት ማስታወቂያ መጣበት። ፖሊሱ ያየውን ጻፈ፤ ጸሐፊው የተጠየቀውን ፈጸመ፤ ጥፋተኛውም ሳይገኝ ዕዳው በንጹሕ ሰው ላይ ወደቀ። ሰውየው አቤት ቢል የተሰጠው መልስ ታርጋህን ለውጥ የሚል ነበር። እርሱ ግን ታርጋውን ወድዶት ነበርና አልለውጥም አለ። ለየቅጣቱ አንድ ዐይነት የመልስ ደብዳቤ አዘጋጅቶ ይልክ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ዳኛ ፊት ቀርቦ የተቀጣው መኪና የእርሱ አለመሆኑን ማስረዳት ግድ ሆነበት።

ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለፖሊሶች ማሳሰቢያ ላከ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ታርጋ ለሌለው መኪና በሌላ ቃል «ምንም» ተብሎ ይጻፍ የሚል ነበር። በዚህም በሰውየው ላይ ይወርድ የነበረው ቅጣት በወር ወደ አምስትና ስድስት ዝቅ አለለት። አንዳንዶቹ ፖሊሶች ግን «ምንም» በማለት ፈንታ «የጠፋ» እያሉ ይጽፉ ጀመር። ለካስ «የጠፋ» የሚል ታርጋ ያለው ሌላ ሰው በዚያው ግዛት ይኖር ኖሯል! እርሱም በበኩሉ ረግጧቸው ከማያውቃቸው ከተሞች ቅጣት ይደርሰው ጀመር።

ይህ ሁሉ የድሮ ታሪክ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በ2016 እዚያው ካሊፎርኒያ አንድ የኮምፒዩተር ጥበቃ ባለሙያ የሠራውን እንንገረው። ይህ ሰው በኮምፒዩተር ሠሪዎች ቋንቋ «ባዶ» ማለት የሆነውን «ነል» የተባለ ቃል በታርጋው ላይ አጻፈ። መዝገቡ ይህን ቃል እንደ ባዶ ቦታ ስለሚቈጥረው ከቅጣት እሰወራለሁ ብሎ ቀልድም ብልሃትም አስቦ ነበር። የታርጋ ቍጥራቸው ሳይሞላ የቀሩ ቅጣቶች ግን እየተለቀሙ በእርሱ ስም ሆኑና፣ የሌሎች ሰዎች ዕዳ ተደምሮ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ተጠየቀ። ታርጋውን እንዲለውጥ ተመከረ። እርሱም እንደ ቀደመው ሰው አልለውጥም አለ።