የሰባራ ድልድይ ሂሳብ

የግሪክ መንግሥት መንገደኛ ለሚያንስባቸው የደሴት መስመሮች የመርከብ ድጎማ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ደሴቶቹ ከገበያ ይቆረጣሉ። አባይ የለያቸው እስቴና ሞጣ ግን መሻገሪያውን ለብዙ ዘመን የቻሉት በራሳቸው ጉልበት ነው።

በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተቆርጦ “ሰባራ ድልድይ” ተባለ። ተሻጋሪው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱም ማዶ በቆሙ ጉልበተኞች እየተጎተተ ያልፍ ነበር። ሰው በገመድ ይሻገር እንጂ ሰንጋ አይሻገርም፤ እህልም ቢሆን ከትንሽ ሸክም አያልፍም። በአንዱ ዳር ዋጋ ቢወርድ የወዲያኛው ሸማች አይጠቀምም። ነጋዴውም ልዩነቱን እያየ ሊያተርፍበት አይችልም።

ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ክፍተቱን እ.ኤ.አ. በ2002 ገጠመው፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 የተተካው ተንጠልጣይ ድልድይ ለእግረኛና ለጭነት እንስሳ እንጂ ለመኪና አልተሠራም። በዚያ የሚያልፍ ንግድ የሚለካው በአህያ ጀርባ ነው።