ዝምተኛውን ልጅ ከመፈረጃችን በፊት

ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የምንሰማራ ዕጩ መምህራን በየክፍሉ ግራ የሚያጋባን ልጅ አናጣም። ስሙ ሲጠራ ቀና አይልም፤ በእረፍት ሰዓት ለብቻው ይቆማል፤ ሲጠየቅም ጥያቄውን ራሱን መልሶ ይደግማል። ታዲያ አንዱ «ልግመኛ ነው» ይላል፤ ሌላው «ደደብ ነው» ይላል፤ አርጩሜ የሚያነሳም አይጠፋም። ይህ ልጅ ግን ኦቲዝም ያለበት ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ምዘናው እንዴት እንደሚካሄድና የመምህሩ ድርሻ ምን እንደሆነ ባጭሩ እናስረዳለን።

ኦቲዝም አንጎል ከጅምሩ በተለየ መንገድ በማደጉ የሚመጣ ሁኔታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች ጽፎ አስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት «እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው» ይባል ነበር። ይህ አባባል ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል። እርግማንም አይደለም።

ምልክቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው። ሁለተኛው አንድን ነገር መደጋገም፣ የለመዱት ሥርዓት ሲለወጥ መጨነቅ፣ በድምፅ ወይም በብርሃን ከልክ በላይ መረበሽና የመሳሰለው ነው።

ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራ የለም። ምዘናው በመጠየቅና በማስተዋል የሚካሄድ ነው። በመጀመሪያ የልጁ ጆሮ መስማቱ ይረጋገጣል፤ የማይሰማ ልጅም እኮ ሲጠሩት ዝም ይላል። ቀጥሎ ወላጆች ይጠየቃሉ፤ መቼ አፉን ፈታ? የጀመረውን ቃል መልሶ ተወው ወይ? ከዚያም ሲጫወት ይታያል። ለምሳሌ አውሮፕላን ሲያልፍ ሕፃን በጣቱ እያመለከተ «እማዬ፣ እዪ!» ይላል። አውሮፕላኑን ስጡኝ ማለቱ አይደለም፤ ደስታዬን ተካፈሉኝ ማለቱ ነው። ኦቲዝም ባለበት ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው። ውሃ ሲጠማው እንኳ ከማመልከት ይልቅ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ውሃው ሊጎትት ይችላል።

ከፍ ያሉት ተማሪዎች አንደበታቸው የተፈታ፣ በትምህርታቸውም ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የሚታየው በጨዋታና በፈሊጥ ላይ ነው። «እስቲ ጆሮ ስጠኝ» ሲባል ቃሉን እንዳለ ወስዶ የሚደናገር፣ አድማጩ መሰልቸቱን ሳያስተውል ስለሚወደው ነገር ብቻ የሚያወራ አለ። ከልጃገረዶች መካከልም ጓደኞቻቸውን እያዩ በማስመሰል ችግራቸውን ስለሚሸፍኑ ሳይታወቅላቸው የሚያድጉ አሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምዘና ቅጾቹ አብዛኞቹ የተዘጋጁት በውጭ አገር ነው፤ በእነርሱም ዓይን ለዓይን አለመተያየት እንደ አንድ ምልክት ይቆጠራል። በእኛ ዘንድ ግን በታላቅ ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው። ስለዚህ ልጁን ከእኩዮቹና ከእናቱ ጋር ሲሆን ማየት ይገባል። በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ወላይትኛ ብቻ እየተናገረ ያደገ ልጅም በአማርኛ ክፍል ዝም ቢል የቋንቋ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መታየት አለበት።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? መምህር ሐኪም ስላልሆነ «ኦቲዝም ነው» ብሎ መፍረድ አይችልም። ያየውን መጻፍ ግን ይችላል። «ረባሽ ነው» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ማክሰኞ ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ከዴስክ ሥር ገባ፤ ደወሉ ሲያቆም ወጣ» ብሎ ይመዝግብ። ይህ ለሚመረምረው ባለሙያ ትልቅ እገዛ ነው። ወላጆችንም ለብቻ ጠርቶ፣ አስቀድሞ ልጁ የሚችለውን፣ ቀጥሎ ያስተዋለውን ይንገራቸው፤ ጆሮውንም እንዲያስመረምሩ ይምከራቸው።

በአገራችን ይህን ምዘና የሚያካሂዱ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም ይበልጡን በአዲስ አበባ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያው ከተማ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ያቋቋሙት የገዛ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው ነበር። ባለሙያ በሌለበት ወረዳ ልጁን በየቀኑ የሚያየው የክፍሉ መምህር ነው። ምርመራው እስኪገኝ ድረስም ቀጥተኛና አጭር ቃል መናገር፣ የቀኑን ሥራ በሥዕል በቅደም ተከተል ማሳየት፣ ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ መንገር ማንንም ተማሪ አይጎዳም።

እንግዲህ ዕጩ መምህራን፣ አርጩሜውን እንጣልና እርሳሳችንን እናንሳ!