እባብ ራስ ዓሣ በኩታበር ደጋ

በደሴ አጠገብ ላለው የኩታበር ሰው ዓሣ ማለት ሐይቅ ከሚባለው የወሎ ሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ ነው፤ ካልሆነም በሽሎ ወንዝ ወርደው የሚያጠምዱት አምባዛ። ዓሣን በመስታወት ገንዳ አኑሮ ማዋለድ ለደጋው እንግዳ ነገር ነው። ሆኖም ለዚህ ሥራ ዓሣ ምረጥ ብባል፣ ፈረንጆቹ ስኔክሄድ የሚሉትን እባብ ራስ ዓሣ ሳላስብ አላልፍም። ምክንያቱ አተነፋፈሱ ነው።

እባብ ራስ ዓሣ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚይዝበት ክፍተት አለው። ብቅ ብሎ አየር ይጎርሳል፣ ተመልሶ ይሰጥማል። እንደ ደሴ ባለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በውኃ የሚሟሟው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል። መብራት ሄዶ የአየር ፓምፑ ሲቆም ሌላው ዓሣ አፉን ከፍቶ ሲያጣጥር፣ ይኼኛው ግን ግድ የለውም። ክዳን ግን የግድ ነው። አንደኛ ዘላይ ነው፤ ሁለተኛ በውኃውና በክዳኑ መካከል የሚቀረው አየር ሞቅ ብሎ እንዲቆይ ያስፈልጋል። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ የሚያውቅ ይህን ለማስረዳት አያደክመኝም።

ወገኑ ሁለት ነው። ቻና የሚባለው የእስያ፣ ፓራቻና የሚባለው የአፍሪካ ነው። አገራችንም አንድ አላት፤ ፓራቻና ኦብስኩራ፣ በጋምቤላ በባሮ ተፋሰስ የሚኖር የቆላ ዓሣ። ኩታበር ቢመጣ ሌት ተቀን ማሞቂያ ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ግማሽ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ተራ ገንዳ አይበቃውም። ለደጋ የሚስማሙት በሂማላያ ግርጌ የሚኖሩት ትንንሾቹ ቻናዎች ናቸው። እነዚህ እንዲያውም በዓመት ጥቂት ወር ውኃው ካልቀዘቀዘላቸው በደንብ አይዋለዱም። አውሮፓ ያሉ አርቢዎች ገንዳውን ሆን ብለው ያቀዘቅዛሉ፤ የደጋ ቤት ግን ማንም ሳይነካው ራሱ ይቀዘቅዛል።

ዋናው ችግር ጥንድ ማግኘት ነው። ወንድና ሴቱ በመልክ በቀላሉ አይለዩም፤ እንደ ዶሮ ገበያ አይቶ መግዛት የለም። ልማዱ ስድስት ወይም ስምንት ጫጩት አብሮ ማሳደግ ነው። ሁለት ሲግባቡ ሌሎቹን ያሳድዳሉ፤ ያኔ ሌሎቹን ቶሎ ማውጣት ነው፣ አለዚያ ጠዋት ሬሳ ይቆጠራል። ጥንዱም አንዳንዴ ይጣላል፤ መሸሸጊያ የሚሆን ሸክላና ሥር ያስፈልጋል። ምግቡ ቀላል ነው፦ የጓሮ ትል፣ ፌንጣ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቀው በሰፊ ዕቃ ክፍት ሆኖ ያድራል።

ቅዝቃዜው አልፎ ውኃው ሲሞቅና አዲስ ውኃ ሲጨመርበት ወንዱ በአካሉ ሴቷ ላይ ይጠመጠማል። እንቁላሉ ዘይት ስላለው ይንሳፈፋል። ከዚህ በኋላ እንደ ዝርያው ይለያያል። ትላልቆቹ፣ ለምሳሌ ቻና ስትሪያታ፣ ከውኃው ገጽ ሣሩን ጠራርገው እንቁላሉን ሁለቱም ይጠብቃሉ። በቻና ጋቹዋ ግን ወንዱ እንቁላሉን በአፉ ይለቅማል፤ ጉንጩ አብጦ ለቀናት ሳይበላ ይጾማል። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ እናትየው ያልዳበረ እንቁላል ጥላ ትመግባቸዋለች። ዓሣ ልጁን ሲያጠባ እንደማየት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አገር በቀሉ አምባዛም አየር ይጎርሳል፤ እርባታው ግን ሌላ ዓለም ነው። በገንዳ ዝም ብሎ አይወልድም። እንደ ሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ባለ ማራቢያ፣ ሴቷ ሆርሞን ትወጋለች፣ እንቁላሏ በእጅ ይታለባል፣ ነባዘሩን ለማውጣት ወንዱ ይታረዳል። ለሳሎን የሚሆን ትዕይንት አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የሚያመልጥ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ክሮፍተን በምትባል ከተማ ኩሬ ውስጥ ሰሜናዊ እባብ ራስ ተገኘ፤ አንድ ሰው ለታመመች እኅቱ ሾርባ ብሎ የገዛቸውን ሁለት ዓሦች ቀደም ብሎ እዚያ ለቆ ነበር። ዓሦቹ ተዋልደው ተባዙ፤ መንግሥት ኩሬውን መርዞ ከሺህ በላይ ጫጩት አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ዝርያ በፖቶማክ ወንዝ ተገኘ። የእኛም ሐይቅ ምስክር ነው፤ ቆሮሶው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሰው እጅ ገባ፣ አጥማጁን አበላ፣ ነገር ግን የውኃው ጥራትና በውስጡ የሚኖሩት ደቃቅ ነፍሳት እንደ ቀድሞው አልቀሩም። ለዚህ ነው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ባዕድ ዓሣ ማስገባትን በፈቃድ የያዘው።

ከኩታበር ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ በሽሎ ይገባል፣ በሽሎም ዓባይ። አንድ ጥንድ በአንድ ጊዜ ገንዳው የማይችለውን ጫጩት ሊፈለፍል ይችላል። ፈቃድ ያለው አርቢም ቢሆን ትርፉን ለሌላ አርቢ ይስጥ፤ ተቀባይ ካጣ ለዶሮ ያቅርበው፣ ወደ ጅረት ግን አይድፋው።