የገዛነው ግድግዳውን ነው ወይስ መሬቱን? ስለ ካኩማ የቦታ ሽንሸና ማወቅ ያለብን

ሰሞኑን አንድ ማታ ጎረቤቴ እማማ አንድ የታጠፈ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ካምፕ ውስጥ አስተማሪ ከሆንክ ደብዳቤ አንባቢውም ፎርም ሞይውም አንተው ነህ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። ካኩማ ከተማ ሆነ ይላሉ። ይቺ ካርታ ትሆነኛለች?»

ወረቀቷ ከተማሪ ደብተር የተገነጠለች ናት። የሻጭ ፊርማ፣ የሦስት ምስክር ፊርማ፣ የገንዘቡ መጠን አለባት። እማማ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአንድ ሰው ግቢ ለሁለት ሲከፈል ግማሹን የገዙባት ውል ናት። ሻጩ አሜሪካ ከገባ ቆይቷል። አሁን ደግሞ አንድ ደላላ መጥቶ «ያቺን የቀረችዎትን ቦታ ቶሎ ለሁለት ይቁረጧት፤ ማዘጋጃ ቤቱ ሲለካ ሁለት ቦታ ያለው ሁለት ካርታ ያገኛል» ብሏቸዋል።

ያኔውኑ መልስ አልሰጠኋቸውም። ፎርም ፎር የጨረስኩ አስተማሪ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ሕጎቹን አነበብኩ፣ የሚያውቁትን ጠየቅኩ። ይሄ ጥያቄ የእማማ ብቻ ስላልሆነ ያገኘሁትን ለሁላችንም ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ተለወጠ?

ካኩማ ካምፕ የተከፈተው በ1992 ነው። ለብዙ ዓመት «ጊዜያዊ» ሲባል ኖረ። በ2015 የቱርካና ካውንቲና የአካባቢው ማህበረሰብ ለካሎቤዬ ሰፈራ 1,500 ሄክታር ያህል መሬት ለመስጠት ተስማሙ። ካሎቤዬ ከመጀመሪያውም ስደተኛውና የአገሬው ሰው አብረው እንዲጠቀሙበት ታስቦ በፕላን የተነደፈ ነው። በ2021 ኬንያ አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች። በ2023 ካኩማ የማዘጋጃ ቤት ደረጃ ተሰጠው። በመጋቢት 2025 ደግሞ መንግሥት ካምፖቹን ቀስ በቀስ ወደ ተራ መኖሪያነት ለመቀየር ያለመውን የሺሪካ ዕቅድ ይፋ አደረገ። ካኩማና ካሎቤዬ ላይ ዛሬ 300,000 ገደማ ስደተኛ ይኖራል። ይሄ የትልቅ ከተማ ሕዝብ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ማለት ደግሞ ፕላን ማለት ነው። ፕላን ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አንደኛው የትኛው ቦታ ለምን ይዋል የሚለው ነው፤ መኖሪያ፣ ንግድ፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ክፍት ቦታ። ይሄ የመሬት አጠቃቀም ምደባ ይባላል። ሁለተኛው አንድ ቦታ ስንት ላይ ይቆረጥ፣ ትንሹ ስፋት ስንት ይሁን የሚለው ነው። ይሄን እኛ በአገራችን ቋንቋ ሽንሸና እንለዋለን። ሰው የሚከራከረው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

መሬቱ የማን ነው?

ከዚህ ካልጀመርን ሌላው ሁሉ ወሬ ይሆናል። የኬንያ ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥት፣ የግልና የማህበረሰብ ብሎ በሦስት ይከፍላል። የቱርካና መሬት አብዛኛው የማህበረሰብ ነው። በማህበረሰቡ ስም ገና ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 63 እንደሚለው ካውንቲው በአደራ ይይዘዋል። አደራ የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ባለ አደራ እንደ ባለቤት አይሸጥም። በ2016 በወጣው የማህበረሰብ መሬት ሕግ መሠረት የተመዘገበ የማህበረሰብ መሬት ለሌላ ሊተላለፍ የሚችለው ከተመዘገቡት አዋቂ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሲስማሙ ነው።

እኛስ? አንቀጽ 65 የኬንያ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት መያዝ የሚችለው በሊዝ ብቻ ነው፣ እሱም ከ99 ዓመት አይበልጥም ይላል። ሊዝ ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ቃል አይደለም። ስለዚህ «ስደተኛ የዘላለም ካርታ ሊሰጠው ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሕገ መንግሥቱ ራሱ አይፈቅድለትም። የሊዝ በር ግን በሕግ አልተዘጋም። ሰዎች የሚከራከሩትም ሊዙ ይሰጥ ወይ፣ ማን ይፈርመው፣ ኪራዩስ ለማን ይግባ በሚለው ላይ ነው።

በካምፑ አሠራር ደግሞ ቦታ የሚመደብልን ልንኖርበት እንጂ ልንሸጠው አይደለም። ታዲያ እማማ ዘጠኝ ዓመት የኖሩበትን ቤት ሲገዙ ምን ገዙ? የጭቃ ጡቡን፣ ቆርቆሮውን፣ በሩን ገዙ። መሬቱን ሻጩም አልነበረውም። የሌለውን መስጠት አይችልም።

ይሄ ማለት ግን ወረቀቷ ዋጋ የላትም ማለት አይደለም። እማማ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደኖሩ፣ ቤቱን በስንት እንደያዙት፣ እነማን እንደሚያውቁ ትመሰክራለች። ነገ ማን የት ይኖራል ተብሎ ሲመዘገብ ይሄ ያስፈልጋል። ብቻ ካርታ አይደለችም።

«ሁለት ቦታ፣ ሁለት ካርታ» እውነት ነው?

አይደለም። በ2019 የወጣው የፕላንና የመሬት አጠቃቀም ሕግ መሬት መሸንሸንንም የአጠቃቀም ለውጥን ጭምር ከካውንቲው ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ሥራዎች ያደርጋቸዋል። ያለ ፈቃድ የተቆረጠ ቦታ ሁለት ቦታ አይሆንም፤ ችግር ያለበት አንድ ቦታ ነው የሚሆነው። አገር ቤት ጨረቃ ቤት የምንለውን አስቡት። ሌሊት የተሠራ ቤት ቀን ሲለካ ምን እንደሚደርስበት ብዙዎቻችን አይተናል።

ደላላው ያልነገራቸው ሌላም ነገር አለ። ግቢ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው መተላለፊያው ነው። በእኛ ብሎክ አንድ ግቢ ለሦስት ተከፈለ። ሦስተኛው ቤተሰብ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄደው በሰው ጓዳ በኩል ሆነ። ባለፈው የበጋ ወቅት አንድ ማድ ቤት እሳት ሲነሳ ውኃ የያዙ ልጆች የሚገቡበት መንገድ ስላልነበረ አጥር አፍርሰን ነው የገባነው። እግዜር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። የካኩማ እሳት ግን ከቆርቆሮ ወደ ቆርቆሮ ሲሄድ አይጠይቅም።

በዚህ ምክንያት ስለ ትንሹ የቦታ ስፋትና ስለ መንገድ ስፋት የሚደረገውን ክርክር «የባለሥልጣን ጣጣ» ብለን መተው የለብንም። የሰው ነፍስ ያለበት ክርክር ነው።

መኖሪያ ብቻ ወይስ መኖሪያና ሱቅ አንድ ላይ?

ካኩማ አንድ ያለውን የኢትዮጵያ ገበያ የሚያውቅ ሰው እዚያ ቤትና ሱቅ የሚለያዩት በመጋረጃ እንደሆነ ያውቃል። ፊት ለፊት ቡና ይፈላል፣ ከኋላ ልጆች ይተኛሉ። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 ባወጣው ጥናት በካኩማ ከ2,000 በላይ ሱቆችና ንግዶች እንዳሉ፣ የገበያውም መጠን በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው የሚሠራው በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው።

አንድ ሰፈር «መኖሪያ ብቻ» ተብሎ ከተመደበ እንጀራ የምትሸጠው እናት በአንድ ቀን ሕግ ጥሳለች ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ነጋዴዎች ቅይጥ አጠቃቀም ይሁን ይላሉ። ካሎቤዬን ሲነድፍ የረዳው የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት፣ ሃቢታት፣ ለከተሞች የሚመክረው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከቦታው ቢያንስ 30 በመቶው ለመንገድ ይተው፣ ከወለል ስፋቱ ቢያንስ 40 በመቶው ለሥራና ለንግድ ይሁን፣ ለአንድ ነገር ብቻ የተከለለ ሰፈር አይብዛ ይላል።

እኔ ግን እንደ አስተማሪ ሌላውንም ወገን አያለሁ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ጋር ተጣብቀው ሱቆች ተሠርተዋል። ጀነሬተሩ ሲነሳ ከመቶ በላይ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አይሰሙኝም። በአጥሩ ሥር የነበረው የሴት ልጆች መሄጃ በሱቅ ተዘግቶ አሁን በዋናው መንገድ ዞረው ይመጣሉ። ቅይጥ ይሁን ማለት ሁሉም ነገር ሁሉም ቦታ ይሁን ማለት አይደለም። የትምህርት ቤት አጥር፣ የውኃ ቦኖ ዙሪያና የላጋው ዳር ነፃ መሆን አለባቸው። የታራች ላጋ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ መስሎ ይኖርና አንድ ሌሊት ሞልቶ ቤት ይወስዳል። እዚያ ቦታ የሚሸነሽን ሰው የሚሸጠው ጎርፍ ነው።

የአገሬው ሰው ምን ይላል?

የቱርካና ጎረቤቶቻችን ስጋት ግልጽ ነው። «ዛሬ ቤት፣ ነገ ካርታ፣ ከነገ ወዲያ እኛ በገዛ መሬታችን እንግዳ» ይላሉ። ይሄ መሬት የፍየልና የግመል መሰማሪያ ነበር። እኛ ስለ ሽንሸና ስናወራ እነሱ የሚሰሙት የግጦሽ መሬት ሲቆራረጥ ነው።

ይሄን ስጋት እኛ ኢትዮጵያውያን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ2014 የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞ፣ በኋላም በጥር 2016 ፕላኑ እስኪሰረዝ የፈሰሰው ደም ከአእምሯችን አልወጣም። ሰው ሳይጠየቅ በወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ያኔ ገበሬው ሳይጠየቅ ቀረ ብለን ያዘንን ሰዎች ዛሬ የቱርካናው እረኛ ይጠየቅ ስንባል ልንቆጣ አይገባም።

የእኔ አስተያየት ይሄ ነው። መሬቱ የማህበረሰቡ ሆኖ ይቀጥል። የምንኖርበት ቦታ ግን ይመዘገብ፣ ለተወሰነ ዓመት የመጠቀም መብት በጽሑፍ ይሰጠን፣ ኪራዩም ለባለመሬቱ ማህበረሰብ በግልጽ ይድረስ። እንዲህ ሲሆን እኛም ነገ እንነሳለን ብለን አንሰጋም፣ እነሱም ተወሰደብን አይሉም። አሁን ግን ገንዘቡን የሚበላው ደላላው ነው። ለእኛም ለእነሱም አይደርስም።

የት እንናገር?

መምረጥ አንችልም፤ የማዘጋጃ ቤት ቦርድ አባል መሆንም አንችልም፤ ለዜጋ ነው። በ2011 የወጣው የከተሞች ሕግ ግን የከተማ ነዋሪዎች በመድረክ ቀርበው ስለ አገልግሎትና ስለ ዕቅድ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ቦታ ይሰጣል። እኛ ዜጋ ባንሆንም ነዋሪ ነን። በፕላን ፈቃድ ቅር ያለው ሰው የሚያመለክትበት ኮሚቴም በካውንቲ ደረጃ በሕግ ተቀምጧል።

ስለዚህ እንደ አስተማሪ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፦

ግቢያችሁን በሜትር ለኩ። ቤቱን፣ መጸዳጃውን፣ መተላለፊያውን በወረቀት ሳሉት። ከመቼ ጀምሮ እንደምትኖሩ ጻፉ፣ ከሁለት ጎረቤት ጋር ፈርሙበት፣ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ካርታ ሊመጣ ነው ብሎ ቦታ የሚሸጥላችሁም ሆነ ቁረጡ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ገንዘባችሁን ያዙ። መጀመሪያ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ቢሮዎች ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለልጃችሁ ጎጆ ስትወጡ እንኳ የጋሪና የውኃ ጀሪካን መተላለፊያ ተዉ።

ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። አስተርጓሚ ጠይቁ። ውኃ የሚቀዱ ሴቶችና ከሰል የሚሸጡ እናቶች ይሂዱ፤ መንገዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ የሚጮህ ሰው የሚሰማው ማፍረሻ ሲመጣ ነው።

እማማ ጋ በማግስቱ ሄድኩ። «ወረቀቷ ካርታ አይደለችም፣ ግን አይጣሏት፤ ቦታዎንም አይቁረጡ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «እንግዲህ የገዛሁት ግድግዳውን ነዋ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሜትር የለንምና በገመድ ግቢውን አብረን ለካን። ወርዱ 9 ሜትር፣ ርዝመቱ 14 ሜትር ሆነ። በደብተር ወረቀት ላይ ሳልኩላቸው፣ እሳቸው ደግሞ በፕላስቲክ ጠቅልለው ከአሮጌዋ ውል ጋር አስቀመጡት። ስብሰባ ሲጠራ ይዘውት ሊሄዱ ነው።