ባሰንጂ ስለሚባለው የኮንጎ አዳኝ ውሻ፤ ታሪኩና የዘሩ አጠባበቅ

በዚህ ሳምንት ለቤተ ሰብ ገጻችን የመረጥነው ነገር በኮንጎ ዱር ስለሚገኘው፥ ባሰንጂ ስለሚባለው አዳኝ ውሻ ነው። አንዳንድ አንባቢ የውሻ ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ ምን ይጠቅማል ይለን ይሆናል። ዳሩ ግን የዚህ ውሻ ታሪክ የዘር መዝገብን ስለ መክፈትና ስለ መዝጋት፥ ስለ ዝምድናና ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ደዌ የሚነገር ስለ ሆነ፥ ትውልዱን ቈጥሮ የሚያውቅ ሰው ቢያነበው አይሰለቸውም ብለን እናስባለን። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ባሰንጂ ቁመቱ ከመሬት እስከ ትከሻው 40 ወይም 43 ሳንቲሜትር፥ ክብደቱም 10 ወይም 11 ኪሎ የሚሆን ትንሽ ውሻ ነው። ጆሮው የቆመ፥ ግንባሩ የተሸበሸበ፥ ጠጕሩ አጭር፥ ጅራቱም በወገቡ ላይ የተጠቀለለ ነው። እንደ ሌላው ውሻ ደጋግሞ አይጮኽም፤ ደስ ባለው ጊዜ ግን ዘፈን የሚመስል ድምፅ ያሰማል፤ ሲከፋውም ያላዝናል። ገላውን እንደ ድመት እየላሰ ያጸዳል። በዝምታ የሚያድን በመሆኑ፥ አዳኞቹ በጥቅጥቁ ዱር ውስጥ የት እንዳለ ያውቁ ዘንድ ከእንጨት ወይም ከቅል የተሠራ ቃጭል በአንገቱ ያንጠለጥሉለታል፤ እርሱም አውሬውን እያባረረ ወደ ተዘረጋው መረብ ያገባላቸዋል። የስሙም ትርጓሜ በዚያ አገር ቋንቋ የባላገር ሰዎች ማለት ነው። እንግዲህ የባላገር ውሻ ነው እንጂ የመኳንንት ውሻ ሆኖ አልተነሣም።

ሆኖም ሰዎች ከፍ ያለ የትውልድ ሐረግ ሊሰጡት ይወዳሉ። በግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ጆሮአቸው የቆመ ጅራታቸውም የተጠቀለለ ውሾች ተሥለው ስለ ተገኙ፥ ባሰንጂ የፈርዖኖች ውሻ ነበረ ይላሉ። ከ4000 ዓመት በፊት የነገሠው ዳግማዊ ኢንቴፍ ውሾቹን ከነስማቸው በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ማስቀረጹ እውነት ነው። ነገር ግን የመልክ መመሳሰል የትውልድ ማስረጃ አይሆንም፤ በአገራችን ርስት በትውልድ ይቈጠር በነበረበት ዘመንም «አፍንጫዬ የአያቴን ይመስላል» ብሎ ርስት የረታ ሰው መኖሩን አልሰማንም። ከሥዕሉ ይልቅ የሚያስረዳው የዘሩ ምርመራ ነው። በ2021 ዓ.ም. ሊቃውንት ያሳተሙት ምርመራ ባሰንጂ ከሌሎቹ የውሻ ዘሮች ሐረግ እጅግ አስቀድሞ ከተለዩት መካከል መሆኑን ገልጦአል። ከነገሥታት ሥዕል ይልቅ ይህ ክብር ይበቃዋል።

ጀርመናዊው ተጓዥ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት ከ1868 እስከ 1871 ዓ.ም. ባደረገው ጕዞ፥ በአዛንዴ ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ያለውን ውሻ አይቶ ጽፎአል። ወደ ኤውሮጳ መወሰዱ ግን በመከራ ነበረ። በ1895 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰዱት ጥንድ ውሾች ዲስቴምፐር በሚባለው የውሻ ተላላፊ በሽታ ሞቱ። በ1923 ዓ.ም. ሌዲ ሔለን ነቲንግ ከካርቱም ስድስት ውሾች ብታመጣ፥ ለዚያው በሽታ መከላከያ ተብሎ በተወጉት ክትባት ሁሉም አለቁ። በ1937 ዓ.ም. ሚስስ ኦሊቪያ በርን ያመጣቻቸው ውሾች በሎንዶን የውሾች ትርኢት በቀረቡ ጊዜ ብቻ ዘሩ ጸና። በ1941 ዓ.ም. ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ቡና ጭኖ ወደ ቦስተን በደረሰ መርከብ ጓዳ ውስጥ አንዲት እንስት ከስታ ተገኘች፤ ስሟም ኮንጎ ተባለ፤ እርስዋም በአሜሪካ ዘር ተወች።

ነገሩን ያበላሸው ይህ ጥቂትነት ነው። በኤውሮጳና በአሜሪካ የነበሩት ባሰንጂዎች ሁሉ ከጥቂት ወላጆች የተገኙ ሲሆኑ፥ የዘር መዝገባቸው ተዘጋ፤ አባትና እናቱ በመዝገቡ ያልተጻፈ ውሻ ንጹሕ አይባልም ተባለ። በእኛ አገር ልማድ ጋብቻ የሚፈጸመው እስከ ሰባት ቤት ተቈጥሮ ዝምድና ከራቀ በኋላ ነው፤ የዘር ውሻ አርቢዎች ግን መልኩን ለማጽናት ሲሉ አባትን ከገዛ ልጁ፥ ወንድምንም ከእኅቱ እስከ ማገናኘት ይደርሱ ነበር። መልኩ ጸና፤ ከመልኩ ጋር ተሰውሮ የነበረውም ደዌ ጸና።

በመጀመሪያ የታየው የደም ማነስ በሽታ ነበረ። ቡችላው ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸውን የዘር ቅንጣት የወረሰ እንደ ሆነ ቀይ ደሙ እየፈረሰ በልጅነቱ ይሞታል። በ1970ዎቹ ዓመታት በደም ምርመራ ተሸካሚዎቹ ስለ ታወቁ፥ አርቢዎቹ ተሸካሚ የተባለውን ሁሉ ከመራባት አገዱት። በሽታው ቀነሰ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ጥቂት የነበረው ዘር የባሰውን ጠበበ፤ ፋንኮኒ የሚባለውም የኵላሊት በሽታ በዚያ በጠበበው ዘር ውስጥ እየበዛ ታየ። ጕድፉን ሲያወጡ እህሉን አብረው አፈሰሱት።

ፋንኮኒ የያዘው ውሻ ኵላሊቱ ስኳሩንና ጨዉን፥ ለሰውነቱ የሚያስፈልገውንም ሁሉ መልሶ መያዝ ስለማይችል በሽንቱ ያፈሰዋል። ውሻው ውሃ እየጠጣ አይረካም፤ እየበላ ይከሳል። እጅግ የሚከፋው ነገር በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ውሻው ከ4 እስከ 8 ዓመት ሲሆነው ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ልጆችንና የልጅ ልጆችን አስቀድሞ ወልዶአል። መልኩ ያማረ፥ ሽልማትም ያገኘ ውሻ ሳይታወቅበት በሽታውን በየቤቱ ሲዘራ ይኖራል።

መድኃኒቱ የተፈለገው ከተናቀው መንደር ነው። አስቀድሞም በ1959 ዓ.ም. እንግሊዛዊቱ ቬሮኒካ ቱዶር ዊልያምስ ለአገራችን ጎረቤት ወደ ሆነው ወደ ደቡብ ሱዳን ሄዳ ፉላ የምትባለውን ቀይ እንስት አምጥታ ነበር፤ ፉላ ለትርኢት ቀርባ አታውቅም፤ ነገር ግን በመዝገብ ካሉት ባሰንጂዎች ብዙዎቹ ትውልዳቸው ወደ እርስዋ ይደርሳል። በ1987 እና በ1988 ዓ.ም. አሜሪካውያን አርቢዎች ወደ ዛየር ወርደው ከየመንደሩ ውሾች መርጠው አመጡ። በ1990 ዓ.ም. የአሜሪካ ኬነል ክለብ መዝገቡን ከፍቶ ተቀበላቸው፤ በቀይ ላይ ጥቍር ሸንተረር ያለበትም መልክ ከዘሩ መልኮች ተቈጠረ። አባቱ ያልተጻፈ ውሻ ከተጻፈው ጋር እንዴት ይቀላቀላል የሚል ሰው ቢኖር፥ የተጻፉት ሁሉ የወጡት ካልተጻፉት መሆኑን እናሳስበዋለን።

ከዚህ በኋላ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር ጋሪ ጆንሰን የሚመሩት ሊቃውንት በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያውን፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የበሽታውን ምክንያት በቀጥታ የሚያሳየውን የፋንኮኒ የዘር ምርመራ አወጡ። ከሁለት ተሸካሚዎች ከሚወለዱት ቡችሎች በግምት ከ4 አንዱ በሽተኛ ይሆናል፤ ተሸካሚው ከንጹሕ ጋር ከተገናኘ ግን አንድም በሽተኛ አይወለድም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት በሌላው ነገር መልካም የሆነውን ተሸካሚ ከንጹሕ ጋር ማገናኘት እንጂ እንደ ቀድሞው ከዘሩ መጣል አይገባም።

የታመመም ውሻ ቢሆን ቶሎ ከታወቀ አይጣልም፤ ሐኪሙ በሚያዝዘው የቢካርቦኔት ክኒን ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል። ባለቤቱ በየወሩ ስኳር መኖሩን በቀለም የሚያሳየውን የወረቀት መመርመሪያ በውሻው ሽንት ቢነክር ራሱ ያውቀዋል። በደሙ ያለው ስኳር ልክ ሆኖ ሳለ በሽንቱ ስኳር ከተገኘ ፋንኮኒ ያሠጋል፤ የስኳር በሽታ ነው ተብሎ እንዳይሳሳት ሁለቱም ይመርመር። ቡችላ የሚገዛም ሰው ከዋጋው አስቀድሞ የእናትና የአባቱን የምርመራ ወረቀት ይጠይቅ። እንስቲቱ እንደ ሌላው ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በዘመነ መጸው አንድ ጊዜ ብቻ ወንድ ስለምትፈልግ፥ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቡችሎቹ በብዛት የሚወለዱት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በሌላ ወራት የጠየቀ ገዢ ተራውን ይጠብቃል።