ከርነሉ ሲያስጠነቅቅ

ጉንደ ወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ኮምፒውተር እምቢ ሲል ባለሙያ ፍለጋ ሞጣ ወይም ደብረ ማርቆስ ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ማሽኑ ስለ ራሱ የሚናገረውን ማንበብ መቻል ለአይሲቲ መምህሩም፣ ለወረዳው ባለሙያም፣ ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱም ከድካምና ከወጪ የሚያድን እውቀት ነው። በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ከርነሉ አፕግሬድ ከተደረገ በኋላ ሲነሣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ተራ በተራ የሚያወርዳቸው ማስጠንቀቂያዎች የዚህ ንግግር አንድ ክፍል ናቸው። ያስደነግጣሉ፤ አብዛኞቹ ግን ጉዳት የላቸውም። ጥቂቶቹ ደግሞ ለነገ የማይባሉ ናቸው። ቁም ነገሩ ሁለቱን መለየት ነው።

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ሥራው የደብር ቄሰ ገበዝን ይመስላል፤ ንዋየ ቅድሳቱ በእጁ ነው፣ ያለ እሱ ፈቃድ ከዕቃ ቤት የሚወጣ የለም። ከርነሉም ዲስኩን፣ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱንና ዋይፋዩን ይዞ ለየፕሮግራሙ እንደየድርሻው ያድላል። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው ፊንላንዳዊ ተማሪ የሊኑክስን ከርነል መሥራት መጀመሩን ለዓለም ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ በገበያ ቀን በየሰው ኪስ ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በዚሁ ከርነል ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በሺዎች የታደሉት ትንንሾቹ ኤክስኦ ላፕቶፖችም የሊኑክስ ነበሩ።

ማስጠንቀቂያው አፕግሬድ ሲደረግ ለምን ይበዛል? ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት እንውሰድ። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ 22.04 ከርነል 5.15 ይዞ መጣ፤ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የወጣው 24.04 ደግሞ 6.8 ይዞ መጣ። በሁለቱ መካከል ብዙ ድራይቨር ተጨምሯል፣ ብዙ ፍተሻም ጠብቋል። አዲሱ ከርነል አሮጌው በዝምታ ያለፈውን ጉድለት ያነሣል። ስለዚህ ከአፕግሬድ በኋላ የታየ ማስጠንቀቂያ ሁሉ አፕግሬዱ ያመጣው ብልሽት አይደለም።

ከርነሉ የተናገረው በመዝገብ ይቀመጣል። ተርሚናል ከፍቶ ዲ-መሴጅ (dmesg) የሚባለውን ትእዛዝ መስጠት ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ማሽኑ ከተነሣ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ ይናገራል፤ እስከ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ድረስ ይቆጥራል። መልእክቶቹ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አላቸው። 0 ሲስተሙ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ ማለት ነው፤ 3 ስህተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 7 ለፕሮግራመሮች የሚሆን ዝርዝር ነው። ትእዛዙ ስህተትና ማስጠንቀቂያን ብቻ ለይቶ እንዲያሳይ ማድረግ ስለሚቻል ሺህ መስመር ማንበብ አያስፈልግም።

በኡቡንቱና በዴብያን ገና አፕግሬዱ ሳያልቅ በብዛት የሚታየው «ፖሲብል ሚሲንግ ፈርምዌር» የሚለው ነው፤ ከኋላው አይ915 የሚል ስም ይከተላል። አይ915 የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ነው። ይህ አንድ ድራይቨር ብዙ ትውልድ ቺፖችን ስለሚያገለግል ለሁሉም የሚያስፈልጉትን የፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑ ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ ፋይሎች ዘርዝሮ ይዟል። ሲስተሙ ዝርዝሩን ሲያመሳክር ያላገኘውን ሁሉ ይጠራል፤ በእናንተ ማሽን ላይ የሌለ ቺፕ ፋይል ቢሆንም እንኳ። ስክሪኑ ደህና ከሠራ ይታለፍ። ካልሠራ የፈርምዌሩን ጥቅል ማደስ ነው።

ሁለተኛው «ኤሲፒአይ ባዮስ ኤረር» ነው። ባትሪን፣ ማራገቢያንና እንቅልፍን የሚመለከተውን ሰንጠረዥ በባዮስ ውስጥ የጻፈው የኮምፒውተሩ አምራች ነው፤ ከርነሉ የሚያመለክተው እዚያ ውስጥ ያለውን ግድፈት ነው። ላፕቶፑ ተኝቶ የሚነቃ፣ ባትሪውን በትክክል የሚያሳይ ከሆነ አያስጨንቅም። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለዚህ ብሎ ባዮስ ማደስ አይመከርም፤ እድሳቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ሦስተኛው የድራይቨር ነገር ነው። እንደ አንዳንድ የብሮድኮምና የሪልቴክ ዋይፋይ ያሉ ከከርነሉ ውጭ የሚመጡ ድራይቨሮች ለየከርነሉ እንደገና መሠራት አለባቸው። ለዚህ የአዲሱ ከርነል ሄደር ፋይሎች ካልተጫኑ ዋይፋዩ ይጠፋል። ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ማውረጃ የለም። መውጫው አንድሮይድ ስልክን በኬብል ማገናኘትና ዳታውን ማጋራት ነው።

አሁን ወደማይታለፉት። «አይ/ኦ ኤረር» ከሚለው ቀጥሎ ኤስዲኤ ወይም ሌላ የዲስክ ስም ከመጣና ከተደጋገመ፣ ዲስኩ ወይም ኬብሉ እየከዳ ነው። ሌላውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይገባል። «ሃርድዌር ኤረር» የሚለውም ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ወይም ሜሞሪው ራሱ ያሰማው ጥሪ ነው። በአንጻሩ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ «ሪከቨሪ ኮምፕሊት» የሚል ከታየ ፋይል ሲስተሙ ያልተጠናቀቀውን ሥራ ከጆርናሉ አይቶ አስተካክሏል ማለት ነው፤ የምሥራች ነው። «ከት ሂር» በሚሉ ቃላት ጀምሮ ረጅም ዝርዝር የሚያወርድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከርነሉ ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር መከሰቱን ያሳያል። ማሽኑ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ዝርዝሩ ግን ሳይቆረጥ ይቀመጥ፣ ለገንቢዎች የሚጠቅመው እሱ ነው።

ከርነል የማይመስሉ ሁለት ምክንያቶችም አሉ። ቡት የተባለው ክፍልፋይ በአሮጌ ከርነሎች ከሞላ አፕግሬዱ «ቦታ የለም» ብሎ መሀል ላይ ይቆማል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ካለቀች ደግሞ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያኔ ኡቡንቱ የጥቅሎቹ ዝርዝር ጊዜው ገና አልደረሰም ብሎ ማውረድ እምቢ ይላል። ለዓመታት ተቀምጠው በቆዩ የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ላይ መጀመሪያ መታየት ያለባት ይህች ባትሪ ናት።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ማነጻጸር ነው። አፕግሬዱ አሮጌውን ከርነል አያጠፋውም። ማሽኑ ሲነሣ ግራብ የተባለውን የማስነሻ ፕሮግራም ዝርዝር አውጥቶ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቶ በቀድሞው ከርነል ማስነሣት ይቻላል። የሁለቱን መዝገብ በፋይል አስቀምጦ ጎን ለጎን ማየት ነው። በሁለቱም ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ነባር ነው። በአዲሱ ብቻ የታየው፣ በተለይ ደግሞ አንድ ሥራ ካቆመበት ዕቃ ጋር የሚገጥመው፣ ሊመረመር የሚገባው እሱ ነው። በቀድሞው ሲሠራ የነበረ ነገር በአዲሱ ከቆመ የከርነሉ ሠሪዎች ራሳቸው እንደ ጥፋት ይቆጥሩታል፤ ሪፖርት ማድረግም ተገቢ ነው።

አማርኛ በሊኑክስ ዘንድ እንግዳ አይደለም። የአማርኛ ቀንና ወር አጻጻፍ በሲስተሙ ውስጥ አለ፤ ለጥቁሩ ኮንሶል ሳይቀር ጎሃ የሚባል የግዕዝ ፊደል ተዘጋጅቶለታል። የከርነሉ መልእክት ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የአይሲቲ መምህራን እነዚህን አሥር የማይሞሉ መልእክቶች በአማርኛ ፍቺያቸው ጽፈው በኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ለተማሪው ትልቅ ውለታ ነው። አፕግሬድ የምታደርጉ ሁሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ፋይላችሁን ገልብጡ፣ መብራቱ አስተማማኝ መሆኑን አረጋግጡ፤ አዲሱ ከርነል ለጥቂት ሳምንታት በደንብ መሥራቱን ሳታዩም አሮጌውን አታጥፉ።